ማና የሚጨምረው ካርድ ይግባ ወይስ ይቅር?

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ለሚባለው የካርድ ጨዋታ ዴክ፣ ማለትም የምጫወትበትን የካርድ ጥቅል፣ ስሠራ ከራሴ ጋር የሚያከራክረኝ ትልቁ ድራጎን አይደለም። ድራጎኑን ገና ሳየው ወይ ይገባል ወይ አይገባም። የሚያከራክረኝ ብቻውን ሲያዩት ምንም የማይመስለው ካርድ ነው። አያጠቃም፣ አይከላከልም፣ የማንንም ካርድ አያጠፋም። ሥራው ማና፣ ማለትም ካርድ ለመጫወት የሚከፈለውን ኃይል፣ መጨመር ብቻ ነው። ሰሞኑንም የያዘኝ ጣጣ ይሄው ነው። አንድ ቦታ ቀርቶኛል፣ እዚያ ላይ አርኬን ሲግኔት የሚባለውን እንዲህ ዓይነት ካርድ ላስገባ ወይስ ልተወው?

የሚያውቅ ሰው ብትጠይቁ መልሱ ፈጣን ነው። «ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? አስገባው!» እኔ ግን ይጠየቃል ባይ ነኝ።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አንድ ቀላል ደንብ ይዞ መጣ። ካርድ ለመጫወት ማና ይከፈላል፤ ማና የሚገኘው ከመሬት ካርዶች ነው፤ በአንድ ተራ አንድ መሬት ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ተራ 1 ማና፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3 ይኖራል። ሁሉም ሰው በአንድ ደረጃ ላይ እኩል ይወጣል ማለት ነው። ተጫዋቾች ራምፕ የሚሏቸው ካርዶች ይህን ደረጃ የሚያዘልሉ ናቸው። ጨዋታው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ አብረውት አሉ። በነፃ ወርዶ 3 ማና የሚሰጠው ብላክ ሎተስ እዚያው የመጀመሪያው እትም ውስጥ ነበር። ሶል ሪንግም፣ ላኖዋር ኤልቭስም እንዲሁ።

እኔ የምጫወተው ኮማንደር የሚባለውን ዓይነት ነው። ዴኩ 100 ካርድ ነው። አንዱ ኮማንደሩ ሲሆን ከጎን ተቀምጦ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ ከቀሩት 99 ደግሞ ከመሠረታዊ መሬቶች በስተቀር አንዱም ካርድ ሁለት ጊዜ አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰው ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ በ40 የሕይወት ነጥብ ይጀምራል። የእኔ ዴክ አረንጓዴና ነጭ ነው። ኮማንደሬ 3 ማና ያስከፍላል። ትንንሽ ፍጡራን (የሚያጠቁና የሚከላከሉ ካርዶች) በብዛት ባወረድኩ ቁጥር ካርድ ያስስበኛል። አብዛኛው ካርዴ ከ1 እስከ 3 ማና ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

አርኬን ሲግኔት በ2019 የመጣ ካርድ ነው። 2 ማና ይከፈልበታል፤ ከዚያ በየተራው ከኮማንደሩ ቀለማት አንዱን 1 ማና ይሰጣል። ጥሩ ካርድ መሆኑን ማንም አይክድም። ጥያቄዬ ግን «ጥሩ ነው ወይ?» የሚል አይደለም። ለማን ነው፣ መቼ ነው የሚጠቅመው ነው።

ማና የሚጨምር ካርድ ብድር ነው። ዛሬ ሌላ ነገር ልሠራበት የምችለውን ማና አበድራለሁ፣ ነገ በትንሽ በትንሹ ይመለስልኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ዕዳው በስንተኛው ተራ እንደሚዘጋ ነው። በየተራው መሬት አወርዳለሁ ብለን እናስብ። ምንም ሳልጨምር እስከ አምስተኛው ተራ ድረስ የምጠቀመው ማና 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ነው፤ ድምሩ 15። በሁለተኛው ተራ ራምፓንት ግሮውዝ ብጫወትስ? 2 ማናዬን ይወስዳል፣ ከዴኩ አንድ መሠረታዊ መሬት ያወጣልኛል፤ መሬቱ ግን ተኝቶ ስለሚገባ በዚያ ተራ አይሠራም። ስለዚህ ለሌላ ነገር የሚቀረኝ 1፣ 0፣ 4፣ 5፣ 6 ይሆናል። ድምሩ 16።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አንድ ሙሉ ካርድ አወጣሁ፣ ሁለተኛውን ተራ ሙሉ በሙሉ ሠዋሁ፣ እስከ አምስተኛው ተራ ያተረፍኩት ማና 1 ነው። አንድ! አራተኛው ተራ ሲያልቅ እንዲያውም ገና እኩል ነን፤ ወዲህም 10 ወዲያም 10።

ሲግኔቱ ይሻላል። የገባበት ተራ ላይ ወዲያው ስለሚሠራ 1፣ 1፣ 4፣ 5፣ 6 ይሰጠኛል፤ ድምሩ 17፣ ዕዳው የሚዘጋው በሦስተኛው ተራ ነው። ላኖዋር ኤልቭስ ደግሞ በ1 ማና ይወርዳል። ፍጡር ስለሆነ የገባበትን ተራ ይተኛል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ይከፍላል። 0፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፤ ድምሩ 18። ዕዳው በሁለተኛው ተራ ተዘጋ። ሶል ሪንግን ከዚህ ጋር ማወዳደር ነውር ነው ማለት ይቻላል። 1 ከፍዬ እዚያው 2 አገኛለሁ፤ እስከ አምስተኛው ተራ 24 ማና። እሱ ብድር ሳይሆን ስጦታ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ግን ድምር ብቻውን ያታልላል። ራምፓንት ግሮውዝ 1 ማና ብቻ አትርፎ ለምን ይህን ሁሉ ዓመት ይወደዳል? ማናውን ወደፊት ስለሚያመጣው ነው። በሦስተኛው ተራ 4 ማና ይዞ መገኘት ማለት ሌላው ሰው በአራተኛው ተራ የሚያወርደውን ካርድ ቀድሞ ማውረድ ነው። ትርፉ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄዬ የትኛውን ተራ እየዘለልኩ የት ነው የማርፈው የሚል ይሆናል። 2 ማና የሚያስከፍል ራምፕ ከሁለት ወደ አራት ያዘልላል። ሳርፍ እዚያ የሚጠብቀኝ የ4 ማና ካርድ ከሌለ ዘለልኩ እንጂ የትም አልደረስኩም።

ይህን በደንብ ያሳየኝ ሌላ ጨዋታ ነው። ሃርትስቶን ውስጥ ማና በየተራው በራሱ አንድ አንድ ይጨምራል፤ እስከ 10። እዚያ ዋይልድ ግሮውዝ የሚባል ካርድ በ2 ማና አንድ ተጨማሪ የማና ክሪስታል ይሰጥ ነበር። በ2018 መጨረሻ ላይ ዋጋው ከ2 ወደ 3 ከፍ ተደረገ። የሚሰጠው ነገር አንዲት አልተቀነሰም። ግን ከሁለት ወደ አራት መዝለሉ ቀርቶ ከሦስት ወደ አምስት ሆነ፤ ለካርዱ የሚሠዋውም ተራ ሌላ ሆነ። ሦስተኛው ተራ ላይ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ መዋል ያለበት ነገር አለ፤ ሁለተኛው ላይ ግን ባዶ መሆን ያን ያህል አይጎዳም። በአንድ ማና ልዩነት ካርዱ ሌላ ካርድ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ዴኬ ልመለስ። ኮማንደር ውስጥ ሁልጊዜ እጄ ላይ እንዳለ የምቆጥረው አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ እሱም ኮማንደሩ። ሌላው ሁሉ ዕድል ነው። ስለዚህ ራምፕ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው የእሱን ዋጋ ነው። ኮማንደሬ 4 ማና ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ሁለተኛ ተራ ላይ ሲግኔት፣ ሦስተኛው ላይ ኮማንደር፣ በቃ። 3 ማና ሲሆን ግን ሲግኔቱ ለእሱ ምንም አያደርግም። ሦስተኛው ተራ ላይ ሲግኔት ባይኖርም 3 ማና አለኝ። ሲግኔት ካለ ኮማንደሩን አውርጄ 1 ማና ይተርፈኛል፤ ለዚያች 1 ማና ስል ግን ሁለተኛው ተራ ላይ አንድ ጥሩ የ2 ማና ፍጡር ሳላወርድ ቀርቻለሁ። ለእኔ ኮማንደር የሚሠራለት የ1 ማና ራምፕ ነው። አንደኛ ተራ ኤልፍ፣ ሁለተኛ ተራ ኮማንደር። አንድ ሙሉ ተራ ቀደምኩ።

አረንጓዴ ቀለም እዚህ ላይ ለጋስ ነው። እያንዳንዱ ካርድ አንዴ ብቻ ይግባ የሚለው ደንብ የሚቆጥረው ስም ነው፤ ሥራ አይቆጥርም። ላኖዋር ኤልቭስ፣ ፊንድሆርን ኤልቭስና ኤልቪሽ ሚስቲክ በሥራቸው አንድ ናቸው፤ በስማቸው ግን ሦስት ናቸውና ሦስቱም ይገባሉ። በርድስ ኦፍ ፓራዳይዝ የፈለጉትን ቀለም ይሰጣል። በዚህ መንገድ እያሰባሰብኩ ዴኬ ውስጥ 7 የ1 ማና ራምፕ ደርሰዋል። ለቀረችው ቦታ ከሲግኔቱ ጋር የሚወዳደረው አቫሲንስ ፒልግሪም ነው፤ በ1 አረንጓዴ ማና ይወርዳል፣ ነጭ ማና ይሰጣል።

ቁጥሩን እንየው። ሲጀመር 7 ካርድ ይያዛል፤ አራት ሰው ሲጫወት የመጀመሪያውም ተጫዋች አንድ ይስባል። ስለዚህ በመጀመሪያ ተራዬ 8 ካርድ አይቻለሁ። ከ99 ካርድ 7 እንዲህ ዓይነት ካሉኝ ቢያንስ አንዱን በዚያ ሰዓት የመያዝ ዕድሌ 46 በመቶ ገደማ ነው። ስምንተኛውን ብጨምር 50 በመቶ ይሆናል። ይሄው ነው። ለብዙ ሰዓት ያሰብኩበት ካርድ ከ100 ጨዋታ በ4 ወይም በ5ቱ ላይ ጅማሬዬን ያሻሽላል። ትንሽ ይመስላል፤ ነው እንዴ? እኔ ትንሽ አልለውም። 99ኙም ካርድ የገባው እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ደግሞም ይህን ስሌት ስሠራ ልቤ ረጋ፤ ቢሳሳትም ዓለም አይገለበጥም።

ብዙ ሰው ስለ ራምፕ ሲያወራ የሚያስታውሰው መጀመሪያው እጅ ላይ የመጣለትን ቀን ነው። ዘግይቶ የመጣበትን ቀን ማንም አያወራም። እስከ ስምንተኛው ተራ ተጫውቼ ያየሁት ካርድ 15 ነው እንበል። ሲግኔቱ ከእነዚህ መካከል ካለ ከመጀመሪያዎቹ 9 አንዱ የመሆን ዕድሉ ከ15ቱ 9 ነው፤ ማለትም 60 በመቶ። በቀረው 40 በመቶ ከሁለተኛው ተራ በኋላ ይመጣል። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ገና ሊያገለግል ይችላል። ሰባተኛው ላይ ግን፣ ሁሉም ሰው ጠረጴዛው ላይ ጦር አሰልፎ አንድ መፍትሔ ካርድ በምጠብቅበት ሰዓት፣ ሲግኔት ስስብ የሚሰማኝን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ፒልግሪሙም ዘግይቶ ሲመጣ ያው ኢምንት ነው፤ 1/1 ፍጡር፣ ማለትም የማጥቃት ኃይሉም ጽናቱም 1። ልዩነቱ ግን በእኔ ዴክ ውስጥ ፍጡር መሆኑ ነው። ፍጡር በገባ ቁጥር ኮማንደሬ ሥራ አለው። ስለዚህ ሰባተኛው ተራ ላይ የመጣ ፒልግሪም ቢያንስ ወደ ሌላ ካርድ ይቀየርልኛል። ሲግኔቱ ግን ቁጭ ይላል። በሌላ በኩል ፍጡር ቶሎ ይሞታል፤ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ፍጡራን በአንዴ ሲጠርግ ኤልፎቼ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ፣ ሲግኔት ያን ቀን ይተርፋል። መሬት የሚያወጡት እነራምፓንት ግሮውዝና ካልቲቬት ከሁሉም በላይ አስተማማኝ ናቸው፤ መሬት የሚያጠፋ ተጫዋች ብዙ ወዳጅ የለውምና። ፍጥነት ስትመርጡ ደኅንነት ይቀንሳል። እኔ ፍጥነቱን መረጥኩ፤ ዴኩ ራሱ የተሠራው ለዚያ ነው።

ከቁጥሩ ሁሉ በላይ የረዳኝ ግን አንድ ቀላል ልማድ ነው። ጨዋታ አልቆ ስሸነፍ ካርዶቼን ከመሰብሰቤ በፊት እጄን አያለሁ። እጄ ላይ ልከፍልባቸው ያልቻልኳቸው ካርዶች ቀርተው ከሆነ የጎደለኝ ማና ነው። እጄ ባዶ ሆኖ መሬቶቼ ሥራ ፈትተው ከሆነ ደግሞ የጎደለኝ ካርድ ነው፤ በዚያ ላይ ተጨማሪ ማና ማለት የሚገዛ ነገር በሌለበት ተጨማሪ ገንዘብ መያዝ ነው። የእኔ ዴክ ሲሸነፍ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሁለተኛው መንገድ ነው። ትንንሾቹ ቶሎ ያልቃሉ። እጅ ይራቆታል። ታዲያ መካከለኛ ጨዋታ ላይ የሚመጣ የማና ካርድ ምን ያደርግልኛል? የሚያስፈልገኝ አንደኛው ተራ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ካርድ ይሻለኛል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር የሚገባው ብቻ ሳይሆን የሚወጣው ነው። ራምፕ ለማስገባት መሬት የሚያወጡ አሉ። «ያው ሁለቱም ማና አይደሉ?» ይላሉ። አይደሉም። ሲግኔት ለመክፈል መጀመሪያ 2 መሬት ያስፈልጋል። መሬት አጥታችሁ ስትጨነቁ እጃችሁ ላይ ያለው ሲግኔት ያፌዝባችኋል እንጂ አያድናችሁም። ኤልፍ ቢያንስ በ1 መሬት ይነሳል፤ እሱም ቢሆን ያቺን አንድ መሬት ይፈልጋል። እኔ 36 መሬቶቼን አልነካሁም። ያወጣሁት የ6 ማና ትልቅ አስማት ነው። ደስ የሚል ካርድ ነበር፣ ሥዕሉም ያምራል። ግን ሁልጊዜ እጄ ላይ ሞቶ የሚገኘው እሱ ነበር፤ ራምፕ ፍለጋ ከወጣሁባቸው ምክንያቶች አንዱም እሱን አውርዳለሁ የሚል ምኞት ነበር። አንድ ውድ ካርድ ለማገልገል ሌሎች ካርዶች መጨመር ከጀመርኩ ብዙ ጊዜ መውጣት ያለበት ውዱ ካርድ ነው።

ይህ ሁሉ ለዚህ ዴክ ነው። ሌላ አንድ ዴክ አለኝ፣ ኮማንደሩ 5 ማና። እዚያ ሲግኔቱም ራምፓንት ግሮውዙም አሉ፤ በጠቅላላው 10 የ2 ማና ራምፕ አድርጌያለሁ። በሁለተኛው ተራ፣ 9 ካርድ ካየሁ በኋላ፣ ቢያንስ አንዱን የመያዝ ዕድሉ 63 በመቶ ነው። አራተኛው ተራ ላይ 5 ማና ይኖራል፣ ኮማንደሩ ይወርዳል። እዚያ ሲግኔትን የሚያስወጣ ሰው ቢመጣ እከራከራለሁ።

ሶል ሪንግስ? እንመለስበታለን ብዬ ነበር። 1 ተከፍሎበት በየተራው 2 ቀለም አልባ ማና ይሰጣል። ከ2011 ጀምሮ ለኮማንደር ተዘጋጅተው በሚሸጡት ዴኮች ውስጥ የማይገኝበት አጋጣሚ እምብዛም ነው። በ2024 መስከረም ላይ ማና ክሪፕትና ጁዌልድ ሎተስ የሚባሉት ማና ሰጪ ካርዶች ከኮማንደር ሲታገዱ እንኳ እሱን የነካው የለም። ቪንቴጅ በሚባለው ዓይነት ጨዋታ ግን አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ሌጋሲ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ታግዷል።

እውነቱን ለመናገር ካርዱን አልወደውም። ዴኩን ምንም አይጠይቀውም። ኮማንደርህ ስንት ነው፣ ሁለተኛው ተራህ ምን ይመስላል፣ እጅህ ቶሎ ያልቃል ወይ፤ አንዱም ግድ አይሰጠውም። ቀለም አልባ መሆኑ ትንሽ ይገታዋል፤ ዋጋቸው በሙሉ ባለቀለም የሆኑ ካርዶችን አይከፍልም፣ የእኔ ኤልፎችም በእሱ ማና አይወርዱም። ያም ሆኖ አንደኛው ተራ ላይ ከወረደ ሁለተኛው ላይ ኮማንደሬን አውርጄ 1 ማና ይተርፈኛል። ደግሞ አራት ሰው ባለበት ጠረጴዛ የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ ያወረደው ሰው ላይ ሦስቱ አንድ ላይ ይነሱበታል። አንዳንዴ ያተረፍኩትን ማና በሕይወት ነጥብ መልሼ የከፈልኩ ይመስለኛል።

ከ99 ካርድ አንዱ ስለሆነ መጀመሪያው እጅ ላይ የሚመጣው ከ100 ጨዋታ በ7ቱ ነው። በነዚያ ጨዋታዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ እሱ ብቻ ይሆናል። ከጓደኞቼ ጋር ሁላችንም እናውጣው የሚል ሐሳብ አንስቼ ነበር። ሁለቱ ተስማሙ። ሦስተኛው ሳቀ። እሱ እስኪያወጣ ድረስ የእኔም አይወጣም። ፒልግሪሙ ገብቷል፣ ሲግኔቱ ወደ ሳጥኑ ተመልሷል፤ የ6 ማናው አስማት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ የሚመጥነው ዴክ ከሠራሁለት ምናልባት 10 ራምፕ ይዞ ይመጣል።